እንግዳ አድርጌ ያስቀመጥኳቸው ተማሪዎቼ

እኔ ጎጃሜ ነኝ። ያደግኩት እንግዳ ሲመጣ ዶሮ በሚታረድበት፣ አልጋ በሚለቀቅበት ቤት ነው። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ከሌላ አገር ለመጡ ተማሪዎች ፈረንሳይኛ እንዳስተምር ስጠየቅ፣ ያሳሰበኝ የመጽሐፍ እጥረት ብቻ ነበር። ሰው መቀበልንማ ማን ሊያስተምረኝ!

ጥቅምት ላይ 14 ተማሪ ይዤ ጀመርኩ። ስድስቱ የእኛው ልጆች ናቸው። ስምንቱ ከውጭ ነው የመጡት፤ አራት ከደቡብ ሱዳን፣ ሦስት ከሶማሊያ፣ አንድ ከሴራሊዮን። ዋና ትምህርታቸው ሌላ ነው። ፈረንሳይኛን የፈለጉት ለሥራ ብለው ነው። የአፍሪካ ኅብረትም፣ የተባበሩት መንግሥታትም ይሠሩበታል። ጎረቤታችን ጅቡቲም ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አድርጋዋለች። ታኅሣሥ ሲያልቅ ከስምንቱ ሰባቱ ሄደው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችኝ። የእኛዎቹ ግን ስድስቱም አሉ።

ይህ ቁጥር ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ቋንቋ የምታስተምሩ፣ በተለይ ክፍላችሁ ውስጥ ከሩቅ የመጣ ሰው ያለ፣ እኔ የወደቅኩበት ቦታ እንዳትወድቁ ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስሕተት የተፈጸመው ገና ክፍል ሳንገባ ነው። በሩ ላይ በእንግሊዝኛ "ቅዳሜ በ3 ሰዓት" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። እኔ ያልኩት የጠዋቱን 3 ነው። ስምንቱ የመጡት በእነሱ 3፣ ማለትም በእኛ 9 ሰዓት ላይ ነው። በሩ ተዘግቷል፤ ግቢው ውስጥ ያሉት ዘበኛው ብቻ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሰዓት ማክበር ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ተቆጣኋቸው። አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ነገሩ የገባኝ ከወር በኋላ ነው። አጥፊውም እኔ፣ ተቆጪውም እኔ።

ዛሬ ሰሌዳው ጥግ ላይ ሁለት ሰዓት እሥላለሁ። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነሱ። ፈረንሳይኛ እስከ 24 ስለሚቆጥር ይኸው ራሱ ትምህርት ይሆናል። የጠዋቱ 3 "ነቭ ኧር" ነው። የቀኑ 9 "ካንዝ ኧር" ነው። የዘመን አቆጣጠሩም እንደዚያው ነው። አንዲት የሞጣ ልጅ "የተወለድኩት በ1991 ነው" ስትል ከጁባ የመጣው ልጅ እንደ ታላቅ እህቱ ያከብራት ጀመር። በኋላ ሲያሰሉት እኩዮች ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ይመስላል። ለዚያ ነው የከፋው። ሰዋስው ሲከብድ ወደ አማርኛ እሸሻለሁ። በፈረንሳይኛ ጠረጴዛ ሴት ናት፣ መጽሐፍ ወንድ ነው። ይህን ሳስረዳ ስለ ትዳር ቀልድ ጣል አደርጋለሁ። ክፍሉ ይስቃል። "ክፍሉ" ስል ግን ስድስቱ ማለቴ ነው። ስምንቱ ደብተራቸውን ያያሉ። "ቆይ፣ በኋላ በእንግሊዝኛ እነግራችኋለሁ" እላለሁ። ያ በኋላ የሚባለው መጥቶ አያውቅም።

መጀመሪያው ቀን ላይማ "ፈረንሳይኛ እኮ ታውቃላችሁ!" ብዬ ነበር የከፈትኩት። ለገሃር ከ"ላ ጋር" የመጣ ነው፣ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ሽሚዝም፣ ቢሮም የእነሱ ቃላት ናቸው። ቆንጆ መክፈቻ ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ። ለገሃርን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ግን ይህ ገና በመጀመሪያው ሰዓት "ትምህርቱ ለእነዚያ ነው" ብሎ እንደ መንገር ነው።

ከሶማሊያ የመጣችው ልጅ ያጋጠማትን ልንገራችሁ። ሶማልኛ "ፕ" የሚል ድምፅ የለውም። በፈረንሳይኛ "ፑዋሶን" ዓሣ ነው፣ "ቡዋሶን" መጠጥ ነው። አንድ ቀን ተነሥታ ጣና ዳር የተጠበሰ መጠጥ በላሁ አለችን። ክፍሉ ተንከተከተ። እኔም ሳቅሁ። ከእሷ ጋር የሳቅሁ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አፏን አልከፈተችም። ይህች ናት እንግዲህ እስከ መጨረሻው የቀረችልኝ። ለምን እንደቆየች እስካሁን አይገባኝም።

አኩርፌም አውቃለሁ። ከጁባ የመጡት ልጆች "ቱ" ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። "ቱ" አንተ ነው፣ "ቩ" እርስዎ ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ልጆቹ ቀድሜ ያስተማርኳቸውን ይዘው ነው። ቀድሜ ያስተማርኩት ደግሞ "ቱ"ን ነው! ጎጃም ላይ መምህርን አንተ ማለት ምን እንደሆነ መቼ ነገርኳቸውና?

ኅዳር ላይ ያደረግኩት ግን እስካሁን ፊቴን ያቃጥለኛል። እዚሁ ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ብሩንዳዊ ነበር። ተማሪዎቼ ቋንቋውን በልጅነቱ ከለመደው ሰው ይስሙት ብዬ ጋበዝኩት። ስለ አገሩ ሲያወራ 75ን "ሴፕታንት ሳንክ" አለ። እኔም ከመቀመጫዬ ሆኜ "ሱዋሳንት ካንዝ ነው የሚባለው" ብዬ አረምኩት። ፈገግ አለና "በእርስዎ መጽሐፍ፣ አዎ" አለኝ።

ፓሪስ 75ን ስድሳና ዐሥራ አምስት፣ 90ን አራት ጊዜ ሃያና ዐሥር ብላ ትቆጥራለች። ብራሰልስ፣ ኪንሻሳና ቡጁምቡራ ግን ልክ እንደ እኛ ሰባ አምስት፣ ዘጠና ይላሉ። የኪንሻሳ ሕዝብ ደግሞ ከፓሪስ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ግን ሰሌዳ ፊት ስቆም ቋንቋው የፓሪስ ብቻ ይመስለኛል። የጋበዝኩትን ሰው ተማሪ ፊት አረምኩት። እንግዳ አክባሪው ጎጃሜ!

በዚያው ሰሞን የምግብ ቤት ትምህርት ደረሰ። መጽሐፉ ምግብ እዘዙ ይላል። ያሉት የአሳማ ሥጋ፣ አይብና ወይን ናቸው። ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ የእኛዎቹ ስድስቱ የነቢያትን ጾም ይዘዋል። ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚያዝዘው አጣ። እኔ ግን ገጹን ጨርሼ አለፍኩ።

ታኅሣሥ ላይ የቤተሰብ ትምህርት መጣ። የአባት፣ የእናት፣ የአያቶችን ስምና ሥራ ጽፎ ለክፍሉ ማንበብ ነው። ከደቡብ ሱዳን ከመጡት አንዱ፣ ኋላ የሚቀመጠው ዝምተኛው ልጅ፣ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ። የእናቱን ስም። "ሌሎቹስ?" አልኩት። ዝም አለ። "ሰነፍክ እንዴ?" አልኩት። ደብተሩን ዘጋ፣ ወንበሩን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰና ወጣ። አልተመለሰም። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስቱ ጓደኞቹም ቀሩ። ከዚያ ሌሎቹ።

ደቡብ ሱዳን ነጻ ከወጣች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት፣ በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ጦርነት ውስጥ ገባች። ዜናውን ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። ዜናው ውስጥ የነበሩት ልጆች የእኔ ክፍል ሊቀመጡ እንደሚችሉ ግን አላሰብኩም።

ከገና በኋላ ልፈልገው ሄድኩ። ሙዝ ገዝቼ፣ ባጃጅ ይዤ፣ ከተማው ዳር የተከራዩት ቤት ደረስኩ። ልጆቹ ተሰብስበዋል። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ግን ወንበር ለቀቁልኝ። ስኳር የበዛበት ሻይ ቀዱልኝ። ከዚያ በጁባ ዐረብኛ ወሬያቸውን ቀጠሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ ብርጭቆዬን አያለሁ። ስለ እኔ ይሆን? ዐሥር ደቂቃ ገደማ ነው እንዲያ የቆየሁት። ከወሩ የረዘመ መሰለኝ።

ያ ዝምተኛ ልጅ አየኝ። አንድ ነገር አላቸውና ተነሥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ በተሰባበረ አማርኛ ይነግረኝ ጀመር። "እሱ፣ ባጃጅ፣ ብዙ ብር ጠየቀ ይላል።" "አሁን የሳቁት፣ ገበያ ላይ በርበሬ ቲማቲም መስሎት።" አማርኛ ከጀመረ ገና ጥቂት ወሩ ነው። እኔ በሦስት ወር ያላደረግኩለትን እሱ በሩብ ሰዓት አደረገልኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ አባቱ የነገረኝን ለራሴ ልያዘው። አንድ ያለኝን ግን ላካፍላችሁ። "አልጽፍም ማለት ፈልጌ ነበር። ግን በፈረንሳይኛ እንዴት እንደሚባል አላስተማሩንም።"

አሁን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የማስተምረው "ዠ ፓስ" የሚለውን ነው። ልለፈው ማለት ነው። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። የቤተሰብ ትምህርት ሲደርስም ምርጫ እሰጣለሁ፤ የራስህን ቤተሰብ፣ ወይም የጎረቤትህን፣ ወይም ከጭንቅላትህ የፈጠርከውን ጻፍ። ቃላቱ እንደሆኑ ያው ናቸው። ደግሞ ከራሳቸው ይልቅ የፈጠራው ላይ ነው የሚረዝሙት። አንዱ አያቱን የጣና ጉማሬ ጠባቂ አድርጎ ሁለት ገጽ ጻፈልኝ።

ለጥምቀት አገር ቤት ወረድኩ። አባቴ በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ናቸው። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንጠልጥለው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ። ተማሪዎቼ እንደሸሹ ነገርኳቸው። ሳይነቅፉኝ አዳመጡና ስለ ራሳቸው ያወሩ ጀመር። ከጎንደርም፣ ከወሎም፣ ከሸዋም የመጣ ተማሪ ነበር አሉ። አዲስ የመጣው የመጀመሪያው ቀን ያለውን ተካፍሎ ያድራል። በማግስቱ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ከአንድ ነባር ተማሪ ጋር ይጣመርና ከጉባዔ ቃና፣ ከሁለቷ መስመር፣ ይጀምራል።

"ያንተዎቹስ ምን ሥራ አላቸው?" አሉኝ።

"ምንም የላቸውም አባባ፤ ተቀምጠው ይማራሉ እንጂ።"

"እንዲያማ ከሆነ እንግዳ ናቸው" አሉ። "እንግዳ ደግሞ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል ልጄ። ምን ይሥራ?"

ባሕር ዳር እንደተመለስኩ ሰባቱንም እየደወልኩ፣ እየሄድኩ አነጋገርኳቸው። የሰዓቱን፣ የአማርኛውን፣ የሳቁን ጥፋት አንድ በአንድ አመንኩ። አምስቱ ተመለሱ። ሁለቱ አልተመለሱም፤ ደግመው ይመጣሉ ብዬ መጠበቅም መብቴ አልነበረም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሥራ ሰጠሁ። ሁለቱን ሰዓቶች የሚሥለው አንዱ ነው። የቀኑን አዲስ ቃል ባወቀው ቋንቋ ሁሉ ጠይቆ የሚጽፈው ሌላው ነው። ለሶማሊያዋ ልጅ የሰጠኋት የምወደውን ሥራ ነው። ወደ አማርኛ በሸሸሁ ቁጥር ጠረጴዛ ታንኳኳለች። የመጀመሪያው ቀን 11 ጊዜ አንኳኳችብኝ። በአንዱ ላይማ ዓረፍተ ነገሬን እንኳ አላስጨረሰችኝም። ክፍሉ ሳቀ፤ በዚህኛው እሷም አብራ ሳቀች። አማርኛ ከነጭራሹ ይከልከል አልልም። ግን አንድ ነገር በአማርኛ ከተባለ ሳናልፍ በእንግሊዝኛም ይባላል፣ በሥዕልም ይሣላል። ለ"በኋላ" የሚተርፍ ነገር የለም።

ድምፅ ስናርም አሁን የምጀምረው ከራሴና ከእኛዎቹ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በፈረንሳይኛ "ጎዳና"ንና "ጎማ"ን ስንጠራ አንለይም፤ ሁለቱንም "ሩ" እንላለን። መላው ቀላል ነው፤ ከንፈርህን "ኡ" ልትል እንደሆነ አሹለህ "ኢ" በል። ጎዳናው ይወጣል። ስድስቱ አፋቸውን አሹለው ሲታገሉ ማየት ለሌሎቹ እረፍት ነው። ከዚያ የ"ፕ" ተራ ይመጣል። እጅህን ጉሮሮህ ላይ አድርግ፤ ሲነዝርህ "ብ" ነው፣ ካልነዘረህ "ፕ" ነው። በዚህ ዓይነት የዓሣው ጉዳይ በሁለት ሳምንት አለቀ።

ያልጠበቅኩት ጥቅም ደግሞ ነበረው። የሞጣዋ ልጅ እስከዚያ ብዙ አትናገርም ነበር። ለካ የከተማ ልጆቹ በአነጋገሯ ይቀልዱባታል። የባላገር አማርኛ ትላለች እያሉ። በሰው አነጋገር አይሳቅም የሚለው ሕግ ለውጭዎቹ የወጣ መስሎኝ ነበር፤ ቀድማ የተጠቀመችበት እሷ ናት።

ቅጽ መሙላት ስንማር ሌላ ነገር ተገለጠልን። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የእኛ ልጆች የአባታቸውን ስም ጻፉና ግራ ተጋቡ፤ ይሄ የቤተሰብ ነው ወይስ የአባት? ሶማሊያዎቹም ያው ችግር አለባቸው፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያላቸው። ከጁባ የመጡትም እንደዚያው። ያን ቀን ቅጹን ያለ ጭንቀት የሞላው የሴራሊዮኑ ልጅ ብቻ ነበር። "ዛሬ እናንተ ናችሁ እንግዳ" አለን። አበስኩ ገበርኩ፣ እንዴት ነው ይህን መጀመሪያ ሳምንት ላይ ያላስተማርኩት!

የምግብ ቤቱን ገጽ ትቼ ቅዳሜ ገበያ ወሰድኳቸው። ሁለት ሁለት ሆነው፤ አንድ ከእኛ፣ አንድ ከእነሱ። ማንጎ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል፤ ዋጋውን በፈረንሳይኛ ይጽፋሉ። መጀመሪያ የእኛዎቹ ይከራከራሉ፣ ቀጥሎ የውጭዎቹ በአማርኛ ይሞክራሉ። "እናቴ፣ ይቀንሱልኝ" ያለው ያ ዝምተኛ ልጅ ማንጎ ተመርቆለት ወጣ። መንገድ ላይ ሕፃናት "ሱዳን! ሱዳን!" እያሉ ተከተሉት። ለካ በየቀኑ ነው እንዲህ የሚሆነው። እኔ ምን ልበል ስል የሞጣዋ ልጅ ዞራ "ስም አለው!" ብላ ጮኸችባቸው። ከዚያ ስሙን ነገረቻቸው። ሲመለስ በስሙ ነው የጠሩት።

ሁሉም ተሳካልኝ እንዳትሉ። የባህል ቀን ብዬ ሁሉም የአገሩን ልብስ ለብሶ እንዲመጣ አዘዝኩ። የሴራሊዮኑ ልጅ በጂንስና በኳስ ማሊያ መጣ። "ሙሴ፣ እኔ ኤምባሲ አይደለሁም" አለኝ። ልክ ነበር። በየርእሱ "በእናንተ አገርስ?" እያልኩ አንድን ልጅ የአገር ተወካይ ሳደርገው ነው የከረምኩት። የሚፈልግ ራሱ ያወራል። (ሙሴ የሚሉኝ "መስዬ" የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ አቶ ማለት ነው። ድሮ በአማርኛ ፈረንጁ ሁሉ ሙሴ ነበር፤ ዛሬ ተራው የጎጃሜው ሆነ።) የአንተና የእርስዎውን ነገር ደግሞ ተነጋግረን ጨረስነው። እኔም እነሱን "ቩ" እላለሁ፣ እነሱም እኔን። አንዱ ተማሪ በዕድሜ ይበልጠኝ ኖሯል፤ አንተ እያልኩ ስጠራው የከረምኩት እኔው ነበርኩ።

ሰኔ ላይ 12 ሆነን ጨረስን። ሁለቱ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ዴልፍ የሚባለውን የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና በመጀመሪያው ደረጃ፣ በኤ1፣ ወስደው አለፉ። አንደኛዋ የሶማሊያዋ ልጅ ናት።

በሚቀጥለው ጥቅምት አዲስ ክፍል ጀመርኩ። የሞጣዋ ልጅ ለሁለተኛው ደረጃ ብትመዘገብም ልታግዘኝ ትመጣ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ትምህርቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ የማላውቀው ልጅ በሩን ገፋ አድርጎ ቆመ። ላብ በላብ ሆኗል። አፌን ልከፍት ስል እሷ ቀደመችኝ። አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለትና በፈረንሳይኛ "የትኛውን ሰዓት አይተህ ነው?" አለችው። አልገባውም። ተነሥታ ጠመኔውን ሰጠችውና ሰሌዳው ጥግ ላይ ወዳሉት ሁለት ክቦች ጠቆመችው።